ለሠርግና ለለቅሶ የተተከለው ቀርከሃ

ከዳንግላ የተነሣሁት በሰኔ መግቢያ፣ ማክሰኞ ማለዳ ነው። የሄድኩት ለመጣላት ነው። ለመጣላት ብዬ መንገድ ስነሣ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ባለቤቴ፣ ሙሉ፣ ግራ ገብቷት ጋቢዬን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። «አንተ ደግሞ መጣላት የት ታውቅና ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከሰው ጋር ስከራከር ድምፄ ከፍ ማለት ሲገባው ዝቅ ይላል። ያን ዕለት ግን ንዴቴ በርትቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት ከእንጅባራ ወዲያ፣ ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ነው። ከአባቴ ቤት ጀርባ፣ ከአጥሩ ውጪ፣ አባቴ የተከለው ቀርከሃ አለ። ከአጥር ውጪ የተከለው ቦታ ጠፍቶት አይደለም። አጥሩ ውስጥ ያለው ቀርከሃ የኛው ነበር፤ ቤት እንሠራበታለን፣ የንብ ቀፎና ቅርጫት እንጎነጉንበታለን። የውጪው ግን ለሰው ነው። ሠርግ ያለበት የዳስ ምሰሶ ሲፈልግ፣ ሰው የሞተበት ቃሬዛ ሲያስፈልገው፣ መጥቶ ይቆርጣል። አይከፍልም፣ አያስፈቅድም። መንገድ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለሠርግ ነው» ወይም «ለለቅሶ ነው» ይላል፤ በቃ። አባቴ ራሱ ሲያርፍ ቃሬዛው ከዚያው ተቆርጧል።

ዛሬ ቦታው የወንድሜ ልጅ የፈንታሁን ነው። ወንድሜ ካረፈ በኋላ መሬቱ በስሙ ዞሮለታል። እሑድ ማታ ደወለልኝና ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «አያ፣ የውጪውን ቀርከሃ ልነቅለው ነው። ዲከረንስ ልተክልበት፣ ለከሰል» አለኝ። «ለምን?» ስል ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን፣ እርሱ ይዝጋው፣ እግዜር ይወቅ። ሰኞ ብደውል ብደውል አያነሣም። መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠያይቄ ማክሰኞ ወጣሁ።

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ

እስከ መናኸሪያ በጋሪ ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ፈረሱ ጭቃውን እየጠላው ይራመዳል። ሚኒባሱ ሳይሞላ አልነቃነቅ ብሎ፣ ከሞላ በኋላም ረዳቱ ሌላ ሰው እያመጣ ጉልበታችን ላይ ሊያስቀምጥ ሞከረ። መቶ ሃምሳ ብር ከፍዬ በአንድ ዳሌዬ ተቀመጥኩ። ሌላ ጊዜ ዝም የምል ሰው ነኝ፤ የዚያን ዕለት «ልጄ፣ ሰው ነን እንጂ ማዳበሪያ አይደለንም» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከጎኔ አቮካዶ በጆንያ የያዘች ሴት ነበረች። እንጅባራ ልትሸጠው ነው። የኛ ዳንግላ ለአቮካዶም ለቡናም ትስማማለች፤ እንጅባራ ላይ ግን ብርዱ ችግኙን ያጠወልገዋል። ሴትየዋ ዘመዷ እንጅባራ አቮካዶ ተክሎ የደረሰበትን ነገረችኝ፤ ቅጠሉ በአንድ የውርጭ ሌሊት የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ጠቁሮ አደረ። ሁሉም ተክል አገር አለው። ቀርከሃ ደግሞ ብርድ ነው አገሩ፤ ጉምና ጥቁር አፈር ይወዳል።

አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ በሁለቱም ወገን ዲከረንሱ ጀመረ። የማያውቀው ሰው ከሩቅ ግራር ይመስለዋል፤ ቅጠሉ ደቃቃ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በአራት በአምስት ዓመት ይቆረጥና ከሰል ይሆናል። ድሮ ገብስ የማውቅበት ሜዳ ላይ ዛሬ እርሱ ቆሟል። አስፋልቱ ዳር የከሰል ጆንያ አፉ በሣር ተሰፍቶ ተደርድሯል፤ ጢሱ እዚህም እዚያም ይወጣል። ለሴትየዋ የፈንታሁንን ነገር ብነግራት «ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ? ዲከረንስ ልጅ ያስተምራል። ቀርከሃ ማንን አበላ?» አለችኝ። መልስ ነበረኝ። ግን ስናደድ መልሴ ይጠፋብኛል፤ ቆይቶ፣ ወርጄ ከሄድኩ በኋላ ነው የሚመጣልኝ።

አስፋልት ዳር

እንጅባራ በጉም ተሸፍና አገኘኋት። ጋቢዬን ደረብኩና የቀርከሃ ዕቃ የሚሸጡበት ዘንድ ሄድኩ። ሶፋው፣ ወንበሩ፣ የሕፃን አልጋው፣ ቅርጫቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ዝናብ ይጠብቃል። ሙላት የሚባል ሠሪ የሰነጠቀውን ቀርከሃ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በቢላ እየፋቀ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ አይቼ ደስ ሊለኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ቀርከሃውን ስነካው ደስታዬ ጠፋ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ቀርከሃ እንደ ባሕር ዛፍ እያደር አይወፍርም። በክረምት ከመሬት ሲወጣ ውፍረቱን ይዞ ይወጣል፤ በዚያው ክረምት ቁመቱን ጨርሶ ያድጋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠንከር ብቻ ነው፤ ለዳስና ለቤት የሚሆነው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ቀርከሃው ለጋ ሲሆን ለመጎንጎን ይመቻል፣ እውነት ነው፤ ከብዙው መካከል ጥቂት ለጋ መውሰድም ነውር የለውም። ለጋውን ሁሉ ከጨረስክ ግን ለሥሩ ምግብ የሚያቀብለው አይኖርም። ሥሩ ቀጣዩን ክረምት ቀጭን ያወጣል፣ ከዚያ የእርሳስ ያህል ያወጣል፣ ከዚያ ምንም። ሙላት የሚሰነጥቀው ገና ሽፋኑ ከአንጓው ያልረገፈ፣ የአምና ክረምት ልጅ ነው። ከኋላው የተቆለለውም እንደዚያው።

«ይኼን ከየት አመጣችሁት?» አልኩት።

«ከጥርባ ነው አባባ። ደሴ የሚባል ሰው በፈረስ ጭኖ ያመጣልናል። የርሱ ጥሩ ነው፣ ሲሰነጠቅ አያስቸግርም።»

ደሴን አውቀዋለሁ። የእትዬ ጥሩ ልጅ ነው፤ እትዬ ጥሩ እኔን በልጅነቴ አዝላኛለች። ቤታቸውንም አውቀዋለሁ። ቀርከሃ የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅ። አንዱ ሶፋ ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ ሦስት ሺህ አለኝ፣ ለርስዎ እቀንሳለሁ አለኝ። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ ገዝቶ ነው የሚሠራው። አመስግኜው ሄድኩ።

ወደ ጥርባ

በባጃጅ እስከ ዘንገና ሄጄ ከዚያ በእግሬ ገባሁ። ካፊያ ጀምሯል። ኮሶውና ግራዋው ዳር ዳሩን አለ፤ መካከሉን ዲከረንስ ወስዶታል። መንደራችን አፋፍ ላይ አንዲት አሮጊት የጌሾ ቅጠል በአገልግል ይዛ ወደኔ ትመጣለች። እትዬ ጥሩ ናት። ጎብጣለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው።

«አድማሱ፣ አንተ ነህ? አረጀህ እኮ» አለችኝ።

«አንቺስ አልሞትሽም እንዴ?» አልኳት። እንዲህ ነው ከልጅነቴ ጀምሮ የምንቀላለደው።

«ሞት እኔን ረስቶኛል። መዝገቡ ላይ ዘሎኝ ይሆናል» ብላ ሳቀች። ፈንታሁን ቤት መኖሩን ስጠይቃት አለ ብላ በአገውኛ መረቀችኝ፤ ወደ ማታ ጠላ እንድቀምስም ጋበዘችኝ። ያን የሞት ቀልድ ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት።

ፈንታሁን ቀርከሃው ውስጥ ዶማ ይዞ አገኘሁት። ሲሶው ተነቅሏል። ሥሩ እንደተጠላለፈ ገመድ ተገልብጦ ዝናብ ይመታዋል። ዘንድሮ ሊወጣ አፍንጫውን ከአፈር ብቅ ያደረገው ጉጥ ተረግጧል። የቀረው ላይ ጠና ያለ ዘንግ ጥቂት ነው፤ ለጋ የሚባል ጭራሽ የለም፤ በየሥፍራው ጉቶ ብቻ። ቁጭ አልኩ። ልጁ መጥቶ ጉልበቴን ሳመኝ። «ቅጣት ይገባኛል አያ፣ ግን ይስሙኝ» አለ።

አልሰማሁትም መጀመሪያ። የአያትህን ቃሬዛ ከዚህ ነው የቆረጥነው አልኩት፣ ያንተን የሠርግ ዳስ ከዚህ ነው የጣልነው አልኩት፣ ከሰል ስትሸጥ አያትህን በኪሎ እየሸጥክ ነው አልኩት። ሁሉንም በዝቅተኛ ድምፅ ነው ያልኩት። ዶማውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤

«አያ፣ በዚህ ሁለት ዓመት እዚህ ቀርከሃ ላይ የሞተውን ሰው ቢቆጥሩት መንደራችን ባዶ ነበር።»

ቀስ እያለ ነገረኝ። ሰዎች ለለቅሶ ነው እያሉ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ እንጅባራ ወንበር ሆኖ ያየዋል። ደሴ ብቻውን ሦስቴ መጥቷል። አንዴ ለአጎቱ፤ እሺ፣ አጎቱ እውነትም ሞቷል። አንዴ ለሚስቱ ዘመድ፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሦስተኛ ጊዜ በኅዳር ፈረስ ይዞ መጣና «የእናቴ ተዝካር ነው» አለ።

«የእናቱ? እትዬ ጥሩ እኮ አሁን መንገድ ላይ አግኝቼያታለሁ።»

«አውቃለሁ አያ። ደሴ በቆረጠ ማግሥት መጥታ ጨው ተበድራናለች።»

«ታዲያ ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ? ነፍስ ይማር አልኩት።»

የማያውቅ ሰው ይስቅ ይሆናል። በኛ አገር ግን ለቅሶ ነው ያለን ሰው የማን ለቅሶ ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የሚጠይቅ ሰው ለቅሶውን ወደ ራሱ ቤት ይጠራል ይባላል። ፈንታሁን ትንንሽ ልጆች አሉት፤ ይፈራል። ስለዚህ የአያቱን ቀርከሃ ነቅሎ መጣልን መረጠ። ለመጠየቅ ከሚደፍር የሚጠየቅበትን ነገር ማጥፋት ቀለለው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። በደሴ ብቻ መሰላችሁ? በልጁም፣ በመንደሩም፣ ሌባ በሽፋኑ በሚቆርጥበት በዚያ ነውራችንም ጭምር ነው የተናደድኩት።

ለቅሶ መድረስ

ፈንታሁን ምሳ ይብሉ ቢለኝ ድንቹን አንዴ ገምጬ ተነሣሁ። ጋቢዬን ዘቅዝቄ ለበስኩት፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ እንደ ሐዘንተኛ። ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ደሴ ቤት ሄድኩ። ደሴ ደጃፉ ላይ መጥረቢያ ይስላል፤ ስንት ልጅ ዙሪያውን ይሯሯጣል። እንዳላየሁት ሆኜ ቀጥ ብዬ ገባሁና መደቡ ላይ ተቀመጥኩ፤ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ጥሩ ከጓዳ ጠላ ይዛ ወጣችና ጋቢዬን አይታ ቆመች። ደሴም ተከትሎኝ ገብቷል።

«ማን ሞቷል አድማሱ?» አለች።

ወደርሷ አልዞርኩም። ደሴን አየሁትና «ደሴ፣ እግዜር ያጽናህ። እናትህ ስታርፍ አልሰማሁም ነበር፣ ለተዝካሯም አልደረስኩ። እትዬ ጥሩ ደግ ሴት ነበረች፤ አዝላ ነው ያሳደገችኝ። ነፍስ ይማር» አልኩት።

ደሴ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቢሆንም ቶሎ ተመለሰ። «አያ አድማሱ፣ ከተማ የኖረ ሰው ያገሩን ባህል ይረሳል። የማን ለቅሶ ነው ተብሎ አይጠየቅም» አለኝ።

«አልጠየቅሁም» አልኩት። «ለቅሶ ደረስኩ እንጂ።»

ያኔ ተናገረ፤ ድምፁ እየጨመረ። መሬቱ ለአንድ ጥማድ በሬ መዞሪያ አይበቃም፣ ልጆቹ አምስት ናቸው፣ ቀርከሃው የማንም አይደለም፣ የኔው አባት ራሱ ለሰው ነው ብሎ የተከለው፣ ደሴስ ሰው አይደለም ወይ? እውነቱን ለመናገር ይኼኛው ጥያቄ ያዘኝ። ሳይዋሽ መጥቶ ተቸግሬያለሁ ቢል፣ አባቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ከአጥሩ ውስጥ ካለው ይሰጠው ነበር። ይኼን ልለው ስል እትዬ ጥሩ ጠላውን መሬት አስቀምጣ ወደ ልጇ ዞረች።

«ተዝካሬ እንዴት ነበር?» አለችው።

ደሴ በር በሩን አየ።

«ሰው መጣ? ጠላው ደረሰላችሁ? የንስሐ አባቴስ ነበሩ?»

«እማ…»

«እኔ እኮ ነኝ የማልሰማው። ሙት ነኛ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ደሴ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። እኔም ጠላውን ሳልቀምስ ወጣሁ። ተጣላሁ ማለት ይኼ ከሆነ፣ ደስ አይልም። ልቤ ግን አልበረደም፤ ምክንያቱም ፈንታሁን አሁንም ነገ ጧት ቀሪውን እነቅላለሁ ነው የሚለው። «ዛሬ ደሴ አፈረ፤ ነገ ሌላው ይመጣል። እኔ አልጠይቅም አያ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። መሬቱ የርሱ ነው። ማን ከልካይ አለው?

ረቡዕ ጧት

ጧት ዝናቡ አባርቷል። ፈንታሁን ዶማውን ይዞ ወጣ፣ እኔ ከኋላው። ቀርከሃው ዘንድ ስንደርስ እትዬ ጥሩ ቀድማናለች። ካልተነቀለው ክፍል መካከል፣ ከጠናዎቹ ዘንጎች ሥር፣ ዱካ አስቀምጣ ተቀምጣበታለች። በትሯን ጭኗ ላይ አጋድማለች።

ፈንታሁን በትሕትና እንድትነሣለት ለመናት። ዶማ ይመታዎታል እማማ አላት።

«ዶማህን አስቀምጥ ልጄ» አለችው። «ይኼ የኔ ዳስ ነው። እኩሌታው በስሜ ተቆርጧል፤ እኩሌታውን ደግሞ ለእውነተኛው ተዝካሬ እፈልገዋለሁ። ስሞት ትነቅለዋለህ።»

«እስከዚያስ? ሰው መጥቶ ለለቅሶ ነው ሲለኝ?»

«ወደኔ ስደደው። እኔ የማን ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። ለቅሶ ይጠራብሻል ይበሉኝ፤ እኔ እንደሆን ተዝካሬ ወጥቷል።»

ፈንታሁን ወደኔ ዞረ። እኔ ወደ መሬት አየሁ፤ ልስቅም ላለቅስም ዳድቶኝ ነበር። ዶማውን ከትከሻው አወረደና የተነቀለው ቦታ ላይ አፈር መመለስ ጀመረ። አንዱን ደህና ሥር ከወደቀው መረጠልኝ፤ ዘንጉን ሦስት አንጓ አስቀርቶ ከላይ ቆረጠው፣ ሥሩን ከነአፈሩ በርጥብ ጆንያ ጠቀለለው። እንዲህ ነው ቀርከሃ የሚተከለው፤ ዘሩን አይዘሩም፣ ከእናቱ ሥር ቆርሰው በሰኔ ይተክላሉ።

ስመለስ ደሴን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰላም አላለኝም። እኔም አላልኩትም። ይኼም ያንገበግበኛል።

መመለስ

እንጅባራ ላይ የሚኒባሱ ረዳት ጥቅሉን አይቶ «አባባ፣ ይኼ ሬሳ ነው ወይስ ዕቃ?» አለኝ። «ገና አልሞተም» አልኩት። እንደ አንድ ሰው አስከፈለኝ። በዚያ ላይ ጉልበቴ ላይ ነው ይዤው የሄድኩት፤ ጭቃው ጋቢዬን አበላሸው። አዲስ ቅዳም ጋ ከሰሉ ያው ይጨሳል። ለአቮካዶዋ ሴት የምሰጠው መልስ እዚያ መጣልኝ፤ ቀርከሃ አያበላም፣ እውነትሽን ነው፣ ግን ያለ እርሱ ሰው በማን ትከሻ፣ በምን ላይ ወደ መቃብር ይወጣል? አጠገቤ ግን አንድ የተኛ ወታደር እንጂ እርሷ አልነበረችም።

ዳንግላ ስደርስ ባለቤቴ ሙሉ ጋቢዬን አይታ «ተጣላህ?» አለች። ለቅሶ ደርሼ መጣሁ አልኳት። ሁሉንም ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ተናደደች፤ ከኔ ብሳ ተናደደች።

ዳንግላ ለቀርከሃ ሞቅ ይላል። ስለዚህ ከአቮካዶው ጥላ ሥር፣ የጣሪያው ውኃ ከሚፈስበት አጠገብ ልተክለው ያሰብኩት ቦታ ነበር፤ አጥሩ ውስጥ ነው። ሙሉም እዚያው ትከለው አለች፤ ውጪ ከሆነ ያው እንደ አገርህ ሰዎች ይጨርሱታል አለች። ጉድጓዱን እዚያው ጀምሬ ነበር። ክንድ ያህል ስቆፍር እጄ እምቢ አለኝ። አቮካዶው ቅርንጫፉን በአጥሩ ላይ ወደ መንገድ አሻግሮታል፤ ጥላው ውጪም አለ። አጥሩን ዞሬ እዚያ ተከልኩት፤ የቡና ገለባ ከሥሩ ነሰነስኩ።

«የሚቆርጥ ሲመጣ ምን ልትለው ነው?» አለችኝ።

«የማን ለቅሶ ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ።»

አማተበች። «ለቅሶ ትጠራብናለህ።»

ዕድሜዬን ታውቂዋለሽ አልኳት፤ እኔ ባልጠራውም ለቅሶው መንገድ ጀምሯል። ንዴቴ ዛሬም አልወጣልኝም፤ የተማርኩት ነገር ካለ፣ አፌን በጨዋ ደንብ ዘግቼ የኖርኩት ለሌባ ኖሯል። ቀርከሃው ደግሞ ተንሰራፍቶ፣ ዘንጉ ጠንክሮ፣ ቃሬዛ ለመሆን ዓመታት ይፈልጋል። ጧት ጧት ውኃ አጠጣዋለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ እናያለን።